ወደ ቀኝ የምትጎትት መኪና

ጎረቤቴ ይገዙ ያቺን ፒክአፕ የገዛ ጊዜ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ካለን ሐበሾች ያልሳቀበት የለም። ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ። ዳላስ ጠፍጣፋ አገር ነው፤ ዳገት ያማረው ሰው የፍሪዌይ ድልድይ ላይ ይወጣል እንጂ ሌላ የት ያገኛል? "አራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ምን ሊሠራልህ ነው? ከአፓርትመንቱ እስከ ሆስፒታሉ ገደል አለ እንዴ?" እያልኩ ደረጃው ላይ ባገኘሁት ቁጥር እቀልድበታለሁ። እሱም ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ "እትዬ ዓለም፣ አንድ ቀን ትለምኚኛለሽ" ይለኝ ነበር።

ያ ቀን መጣ። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ ፌብሯሪ መግቢያ ላይ ነው። ሐሙስ ዕለት ሲዘንብ ውሎ አመሸና ሲነጋ ዝናቡ ወደ በረዶነት ተለውጦ ከተማው ሁሉ መስታወት የለበሰ መሰለ። አርብ ደግሞ በላዩ ላይ ነጭ በረዶ ጣለበት። ዳላስ መቼም በረዶ አይችልበትም። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መሥሪያ ቤት ተዘጋ፣ መኪኖች በየመንገዱ እየተንሸራተቱ እርስ በርስ ተላተሙ። የእኔም መኪና ጎማዋ ከፓርኪንጉ መሬት ጋር ተጣብቆ እምቢ አለች።

ቤቴ ግን ከበረዶው በፊት ሌላ ነገር ገብቶ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከደሴ የይገዙ ወንድም ተስፋዬ ደወለልኝ። ስልኩን አንስቼ ድምፁን ስሰማ ነገሩ ገባኝ፤ ምክንያቱም ተስፋዬ እኔን የሚያውቀኝ በስም ብቻ ነው፣ እኔ ዘንድ የሚደውልበት ሌላ ጉዳይ የለውም። የእኛ ሰው ሞትን ለባለቤቱ አይደውልም፣ ለጎረቤት ነው የሚደውለው። "እማማ አርፋለች፣ ቀብረናታል። እንዴት እንደምታረዷቸው እናንተ ታውቃላችሁ" አለኝና ማልቀስ ጀመረ። አብሬው አለቀስኩ። እማማ ከበቡሽን አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም፤ ግን ይገዙ ስለሳቸው ሲያወራ ስንት ዘመን ሰምቻለሁ።

እማማ ከበቡሽ አሜሪካ ያሏቸው ልጆች ሁለት ናቸው። አንዱ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖረው፣ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ይገዙ ነው። ሁለተኛዋ ታናሽ እህቱ አይናዲስ፣ ከባሏ ከጥዑመልሳን ጋር ከሐይቁ ማዶ ባለችው ሮውሌት ከተማ ትኖራለች። አንድ ላይ ይስሙ ተባለ። ይህን የወሰኑት ጋሽ ነጋሽ ናቸው። ጋሽ ነጋሽ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሂዩስተን ካለው ልጃቸው ወደ ዳላሱ ልጃቸው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከመጡ ወዲህ መርዶ በተገኘ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ሆነዋል። ቃል አያበዙም፣ የደነገጠ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ያውቃሉ። ደግሞ ግትር ናቸው፤ አንዴ የወሰኑትን ነገር ማስቀየር አይቻልም።

አርብ ማለዳ ልናረዳቸው አስበን በረዶው አገደን። ከቅዳሜ ማለፍ አልነበረበትም። ወሬው ዋሽንግተንም አትላንታም ደርሷል። ጥዑመልሳን ስልኩን ከግድግዳው ነቅሎ "መስመሩን በረዶ በጥሶታል" ብሎ ሚስቱን አታሏታል፤ የይገዙን ስልክ ግን ማን ይነቅላል? አለመስማቱን የማያውቅ አንድ ዘመድ ደውሎ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ቢለው፣ ብቻውን፣ ያውም በስልክ፣ የሚይዘው ሰው በሌለበት ሊሰማው ነው። እኔ እንዲህ የሆነችን ሴት አውቃለሁ። የስልኩን እጀታ እንደያዘች ወጥ ቤቷ ወለል ላይ አገኘናት፤ ከዚያ ወዲህ ያቺ ሴት ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። ይገዙ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈለግሁም። የፈለግሁት ይኸው ብቻ ነበር፤ እህቱ ሳሎን ውስጥ፣ ሰው መሐል ተቀምጦ እንዲሰማ።

ችግሩ በዚያ በረዶ ሮውሌት ሊያደርሰን የሚችል መኪና ያለው ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ነው።

"የጥዑመልሳን አባት አርፈዋል፣ ልናረዳው ነው፣ አድርሰን እንለዋለን" አሉ ጋሽ ነጋሽ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ቤት ቁጭ ብለው።

"ሰውየውን የራሱ መርዶ ሹፌር ልናደርገው ነው?" አልኳቸው። በጣም ተናድጄ ነበር።

"ሌላ መኪና ካለሽ አምጪ፣ ልጄ።"

አልነበረኝም። ካፖርቴን ደርቤ ተከተልኳቸው።

ይገዙ በሩን ሲከፍት በካልሲ ነበር። ጋሽ ነጋሽን ሲያይ ጎንበስ ብሎ "ይግቡ፣ ይግቡ፣ ብርድ ነው" አለ። አልገቡም፤ እዚያው በሩ ላይ ቆመው ያሰቡትን ተናገሩ።

ይገዙ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እኔ ጫማዬን ማየት ያዝኩ።

"የጥዑመልሳን አባት" አለ።

"አዎ ልጄ። ምን ይደረጋል፣ የእግዜር ሥራ ነው።"

"አይናዲስስ ሰምታለች?"

"አልሰማችም። አንድ ላይ ይስሙ ብለን ነው።"

"ኦኬ፣ ጃኬቴን ላምጣ" ብሎ ገባ። ጃኬት ለማምጣት ብዙ ቆየ። የቧንቧ ውኃ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ እንደገና ሲከፈት ይሰማናል። ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ቅዳሜ ነው፣ አሁን ከእንቅልፉ ተነስቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ፓርኪንጉ ውስጥ በሁለቱ የፊት ጎማዎች ፊት ተራ በተራ ተንበርክኮ መሐሉ ላይ ያለችውን ክብ ቁልፍ በእጁ አዞረ። "ይቺ ካልተቆለፈች የፊቱ አይስብም" አለን። ጋሽ ነጋሽ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ እኔ መሐል ገባሁ፣ ካምቢዮው ጉልበቴን እየነካኝ። ሞተሩ አንዴ ሳል ሳል ብሎ ተነሳ። ሌላ ቀን ቢሆን ይገዙ ወደኔ ዞሮ "ለመንሽኝ አይደል?" ብሎ ይስቅ ነበር። አልሳቀም። መርዶ ልናደርስ ስለሆነ ነው ብዬ ገመትኩ።

ገና ከግቢው ስንወጣ መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች። መሪው ቀጥ ብሏል፣ እሷ ግን ዳሩን ልትወጣ ትንሸራተታለች። ይገዙ ቀስ ብሎ መሪውን ወደ ግራ አድርጎ መለሳት። ጥቂት ሄደን እንደገና ወደ ቀኝ ጎተተች። ጋሽ ነጋሽ የበሩን እጀታ ጨብጠው "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። እኔ የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። ይሄ ሰው አሁን፣ እዚህ በረዶ ላይ፣ መሪ እንደያዘ ነገሩ ቢገባው ሦስታችንም አለቀልን። ስለዚህ ወሬ አበዛሁ። ስለ አየሩ አወራሁ፣ ስለ ማሞቂያ ቢል አወራሁ፣ ራሴን እስኪያመኝ ድረስ አወራሁ።

የተዘጋ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ፓርክ አድርጎ ወረደ።

"ምን ሆነች?" አልኩት።

"አላውቅም ገና። አስፋልት ላይ እንዲህ አትልም ነበር። ማለቴ፣ አስፋልት ላይ ጎማው ስለሚይዝ ትንሽ ጉድለት አይታወቅም። በረዶ ላይ ነው የሚታየው።" የጎማ ነፋስ መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ አራቱንም ለካ። የቀኙ የፊት ጎማ ብርዱ ነፋሱን አሳንሶበታል። ከግራውም ጥቂት አስተነፈሰና እኩል አደረጋቸው። "ቀላሉን መጀመሪያ ነው። አንድ በአንድ። ሁለት ነገር አንዴ ከነካሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂም።"

ሄድን። እንደገና ወደ ቀኝ።

"ሶ፣ ነፋሱ አይደለም" አለ ለራሱ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ላብራቶሪ ውስጥም እንዲህ ይመስለኛል፤ ጠርሙሱን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ፣ ይሄ አይደለም፣ ይሄም አይደለም እያለ።

መንገዳችን ላይ ያለችው ጋርላንድ ከተማ ልንገባ ስንል እንደገና ቆመና ካምቢዮው አጠገብ ያለችውን አጭር ማርሽ ሳበ። "አሁን የኋላው ብቻ ነው የሚገፋው" አለ። "እንዲህም ሆና ከጎተተች ችግሩ ከፎር ዊሉ አይደለም ማለት ነው፤ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።" በእግረኛ ፍጥነት እያስኬደ ሞከረ። ጎተተች። ማርሹን ወደ ቦታው መለሰና መሪውን እንደያዘ ወደፊት አየ። መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። በበረዶ የተሸፈኑ መኪኖች ብቻ፣ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ፣ ዳርና ዳር ተኮልኩለዋል።

"ጋሽ ነጋሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አለ።

"ጠይቅ ልጄ።"

"ለምንድነው በቀጥታ የማንነግረው? ማለቴ፣ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ መጥፎ ሪዛልት ሲወጣ አንደብቅም። ወዲያው ለዶክተሩ ኮል ነው የምናደርገው። ሰው ደግሞ ስለ ራሱ ሰው የማወቅ መብት የለውም እንዴ?"

"መብት አለው።" አሉ ጋሽ ነጋሽ። " እኛ የምንከለክለው ማወቁን አይደለም። ብቻውን ማወቁን ነው። ያን ጊዜ ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል፣ የሚደግፈው ይፈልጋል፣ ውኃ የሚያቀብለው ይፈልጋል። የሚያለቅስለት ሌላ ሰው ሲያይ እሱም ማልቀስ ይችላል።"

"እኔ ብሆን ግን በቀጥታ ይነገረኝ ነው የምለው" አለ ይገዙ። ይህን ያለው ወደኔ ዞሮ ነው። "እትዬ ዓለም፣ አንቺስ?"

አፌ ተከፈተ። እውነቴን ነው፣ ልነግረው ነበር። ይሄ ልጅ ስታመም ሾርባ ያመጣልኛል፣ ቤቴ አምፖል ሲቃጠል ይቀይርልኛል፣ ዓይኔን እያየ ነው የጠየቀኝ። ጋሽ ነጋሽ እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ። አጥብቀው አልያዙኝም፣ አኖሩት ብቻ። የሮውሌቱ ሳሎን ታየኝ፤ እዚያ ተጠርተው የሚጠብቁን የሰፈሩ ሴቶች ታዩኝ። ደግሞ ያቺ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ያገኘናት ሴት ታየችኝ።

"እኔ... ሰው ቢኖር እመርጣለሁ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ወረደ።

በዚያኛው መስኮት አየዋለሁ። ጓንቱን አውልቆ ጎማዎቹን በባዶ እጁ እየነካ ዞረ። የቀኙ የፊት ጎማ ጋ ሲደርስ እጁን ቶሎ ሳበው። ጠራኝና ወረድኩ። "ነክተሽ እዪ" አለኝ። ሦስቱ ጎማዎች ቸርኬያቸው በበረዶ ተሞልቶ ነጭ ሆኗል፤ የቀኙ የፊት ግን በረዶ የሚባል የለበትም፣ እርጥብ ነው፣ ይሞቃል፣ ትንሽም ይጨሳል። "ፍሬኑ ነው። ይይዝና አይለቅም። እኔ ሳልረግጠው እንኳ እሱ ይህን ጎማ እንደያዘ ነው። ለዚህ ነው ወደዚህ የምትዞረው።" መፍትሔ ያገኘ ሰው ደስ ይለዋል፤ እሱ ግን መንገድ የጠፋው ሰው ይመስላል።

ክሪክ አውጥቶ መኪናዋን አነሳት፣ ጎማውን ፈታ፣ የፍሬኑን ብረት በጎማ መፍቻው ቀስ እያለ ከዚያም ከዚህም መታ። ዝገትና የረጋ ጭቃ ረገፈ። ፍሬኑን ርገጪ፣ ልቀቂ አለኝ። ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ። ጎማው የሚታሰርበትን ባዶ ሞዞ በእጁ ሲያዞረው እንደ ልቡ ዞረ። ጎማውን መለሰ።

"ተሠራች?" አሉ ጋሽ ነጋሽ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

"እናያለን" አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ለእኔ መኪናዋ ቀጥ ብላ የምትሄድ ነበር የምትመስለኝ። ግን መሪውን የያዘው እሱ ነው። ሐይቁን የሚሻገረው ድልድይ ከመድረሱ በፊት "አሁንም ትጎትታለች" ብሎ እንደገና ቆመ። "ድልድዩ ላይ እንዲህ ሆና አላስገባትም።"

ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። እኔና ጋሽ ነጋሽ ውስጥ ሆነን ጠበቅን። ሐይቁ ከዳሩ ነጭ፣ ከመሐሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይገዙ የሚመታው ነገር ድምፅ አይሰማም። የመፍቻ ድምፅም አይሰማም። ብዙ ሲቆይ ሰጋሁና ወረድኩ። ከመኪናዋ ሥር የወጣ እግሩን ብቻ አየሁ። የቀኙን ጎማም አየሁ፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በረዶ ሞልቶበታል። ይህን አየሁ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

"ይገዙ፣ ምን አገኘህ?"

ጎንበስ ብዬ እግሩን ነካ አደረግሁት።

"ይገዙ?"

"እያየሁ ነው" አለ። "መጣሁ፣ ግቢ አንቺ፣ ብርድ ይመታሻል።"

ሲወጣ ፊቱ ርሷል። ከሥር የቀለጠ በረዶ ተንጠባጥቦበት ነው ብዬ ነጠላዬን አቀበልኩት። ጠረገበት፣ አጥፎ መለሰልኝ፣ ድልድዩን በዝግታ ተሻገርን። መኪናዋ አንዴም ወደ ቀኝ አላለችም። በሆዴ አምላኬን አመሰገንኩ፤ ደረስን አልኩ፣ ሳይሰማ አደረስነው።

አይናዲስ ቤት መታጠፊያው ጥግ ላይ ቆምን። ጥግ የቆመው እኔ ጠይቄው ነው፤ ሴቶቹ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ያለ ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ምልክት ይጠብቃሉ። ይገዙ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ግን አልነቀለውም። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቆየ።

"መኪናዋ ከጋርላንድ ጀምሮ ደህና ናት" አለ።

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም ነበር።

"ጋሽ ነጋሽ፣ እርስዎ አያውቁም፣ አልፈርድብዎትም። የጥዑመልሳን አባት የሞቱት ሱዳን እያለን ነው። ካምፕ ውስጥ ለቅሶ የተቀመጥነው እኔና እሱ ነን። ድንኳን አልነበረንም፣ ውጭ ነው የተቀመጥነው።"

ጋሽ ነጋሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥዑመልሳን ስለ አባቱ ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም፤ ማናችንም ሳንጠይቅ፣ ቀድሞ የሞተ ሰው ነበር የገደልነው።

"በሬ ላይ ቆማችሁ ስትነግሩኝ ነው ያወቅሁት" አለ። "አንድ ላይ ይስሙ ስትሉኝ አለቀ። የእኔና የአይናዲስ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ልጠይቃችሁ ስል ምላሴ እምቢ አለኝ። እትዬ ዓለምን ጋርላንድ ላይ የጠየቅኳት ለዚህ ነው፤ ትነግረኝ ይሆናል ብዬ። ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት ደግሞ ፈራሁ። ፍሬኑን ካስለቀቅኩ በኋላ ምንም የሚሠራ ነገር አልነበራትም፣ ዝም ብዬ ነው ከሥሯ የተኛሁት። እስካልደረስን ድረስ ማንም አልሞተም።"

"ልጄ" አሉ ጋሽ ነጋሽ።

"መንገዱን ሙሉ አንድ በአንድ ሳወጣቸው ነው የመጣሁት። ተስፋዬ ነው? ተስፋዬ አይሆንም አልኩ፣ ባለፈው ሳምንት አውርቼዋለሁ፣ ጤነኛ ነው። ግን ጤነኛም ሰው መኪና ይገጨዋል። ዕፀ ሕይወት ናት? እሷ ትንሿ እህታችን ናት፣ ሕፃናት ልጆች አሏት፣ እሷ አትሁን ብዬ ለመንኩ። ድልድዩ ጋ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? እማማ ትሁን አልኩ። እሷ አርጅታለች፣ የምታጠባው ልጅ የላትም፣ እሷ ትሁን ብዬ እግዜርን ለመንኩ። በገዛ አፌ።" ወደኔ ዞረ። ዓይኑ ቀይ ነው፣ ግን አያለቅስም። "አሁን ንገሪኝ፣ እትዬ ዓለም። ማን ነው?"

ጋሽ ነጋሽ በዚህ ጊዜ እጃቸውን ክንዴ ላይ አላደረጉም። ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"እማማ ናት" አልኩት። "አመም አድርጓቸው ነበር። ተስፋዬና ዕፀ ሕይወት አጠገባቸው ነበሩ። ያረፉት ማክሰኞ ነው፣ ይገዙ። አንተ ዛሬ ምንም ብትለምን እሳቸው ማክሰኞ አርፈዋል።"

ይህን ያልኩት ሊረዳው ይችላል ብዬ ነው። ረዳው አልረዳው አላውቅም። ግንባሩን መሪው ላይ አድርጎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድምፅ የለውም። ጀርባውን እያሻሸሁ አብሬው አለቀስኩ። ጋሽ ነጋሽም አለቀሱ። ስንት ሰው ያረዱ ሽማግሌ፣ ጠባብ መኪና ውስጥ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። እኔ ይገዙ ሰው መሐል ይስማ ብዬ ነበር የለፋሁት። የሰማው ሁለት ሰው መሐል፣ የቀዘቀዘ ፒክአፕ ውስጥ ሆነ። ሰው ሰው ነው፣ ሁለትም ቢሆን፤ እንዲህ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቀና ሲል ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። "አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። እንዳወቅሁ እንዳትናገሩ። እሷ ብቻዋን እንዳትሰማ። አጠገቧ ሆኜ አብሬያት ልስማ። ጋሽ ነጋሽ፣ እንደማላውቅ አድርገው ይንገሩን።"

"እንዳልክ ይሁን" አሉት።

በሩን አይናዲስ ራሷ ከፈተችው። ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ የቤት ጫማ አድርጋ ነበር። "እንዴ! በዚህ በረዶ! ያቺ መኪናህ ሠራች በለኛ!" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ይገዙ ሳቀ። ከየት አምጥቶ እንደሳቀ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኛንም ሳመችን፣ ካፖርታችንን ተቀበለችን፣ "ስልካችን ተበላሽቶ፣ ሰው ናፍቆን" አለች። ከኋላዋ ጥዑመልሳን ቆሟል። ይገዙንና እሱን ዓይን ለዓይን ሲተያዩ አየኋቸው፤ ጥዑመልሳን አንገቱን ደፋ።

ሻይ ልታፈላ ተነሳች። በዚያው ሴቶቹ ጫማቸውን በረንዳው ላይ እያራገፉ አንድ ሁለት እያሉ መግባት ጀመሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልለበሱትም፣ እንዲህ እንዳያደርጉ ተነግሯቸዋል። ሆኖም በቅዳሜ ጠዋት፣ መኪና በማይንቀሳቀስበት ቀን፣ ያን ያህል ሰው ቤት ውስጥ ሲሞላ የማይጠረጥር የለም። አይናዲስ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ፊታችንን በተራ ማየት ጀመረች። ማንም ዓይኗን አላያትም።

"ተይው ሻዩን፣ ነይ ቁጭ በይ" አላት ይገዙ።

ትሪውን ከእጇ ተቀበልኳት። መጥታ ሶፋው ላይ ከጎኑ ተቀመጠች። ጋሽ ነጋሽ ብድግ አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደማያውቅ ለመሆን ቃል የገባው ይገዙ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። በደንብ ያዘው ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ነጋሽ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ግን እጁ ከጉልበቱ ተነሳና የእህቱን እጅ ያዘ። ይገዙ ሰው ፊት እጅ የሚይዝ ሰው አይደለም። የእናቷ ልጅ አንድም ቀን እንዲህ አድርጎላት አያውቅም።

አይናዲስ እጇን አየች። ቀጥላ ቀና ብላ የወንድሟን ፊት አየች።

"ይገዙዬ" አለችው፣ ቀስ ብላ፣ "እጄን ለምን ያዝከኝ?"